ቃል፣ ገንዘብና ተራ፦ የድሮዎቹ የፖከር ቤቶች ሥርዓት ትዝታ

በካዚኖ ውስጥ ከሚካሄዱ የቁማር ዓይነቶች መካከል ፖከር በአንድ መሠረታዊ ነገር ከሌሎቹ ይለያል፤ በሩሌትም ሆነ በብላክጃክ ተጫዋቹ የሚገጥመው ቤቱን ሲሆን፣ በፖከር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይወራረዳሉ፣ ቤቱም ጠረጴዛውንና ካርታውን አቅርቦ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂት ድርሻ ከማንሳት ወይም የመቀመጫ ኪራይ ከማስከፈል በቀር ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው አይመለከተውም። ተጋጣሚው ሌላ ሰው በመሆኑም ጨዋታው ከዕድልና ከስሌት ባሻገር የጠባይ ጉዳይ ይሆናል። ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ መምሰል፣ ጠንካራ ይዞ የፈራ መምሰል የጨዋታው ሕጋዊ አካል ነው፤ ሆኖም ማስመሰል በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ የትኛው ማስመሰል ብልሃት፣ የትኛው ደግሞ ነውር እንደሆነ የሚለይ ወሰን ያስፈልጋል። ይህ ወሰን በአንድ ቀን አልተሰመረም። ዛሬ በፖከር ክፍሎች ውስጥ ተለጥፈው የሚነበቡት፣ ለጀማሪም አሰልቺ የቢሮ መመሪያ የሚመስሉት ደንቦች ብዙዎቹ ከተረሱ ጠቦች የተወለዱ ናቸው፤ ጠቡን ያስተናገዱት ክፍሎች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፣ በውስጣቸው ያረጁት ሰዎችም አልፈዋል፣ የሠሩት ሥርዓት ግን አሁንም በሥራ ላይ ስለሆነ መታወስ ይገባዋል።

የውርርዱ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ካርታ ከታደለ በኋላ ተራው ወደ ግራ ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ሰው ከእሱ በፊት ያስያዘ ከሌለ ምንም ሳያስይዝ ማሳለፍ፣ ይህም ቼክ የሚባለው ነው፣ ወይም ራሱ ማስያዝ ይችላል፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ አስይዞ ከሆነ ግን ያንኑ ያህል አስገብቶ መቀጠል፣ ማለትም ኮል ማድረግ፣ ወይም ውርርዱን ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ሬይዝ ማድረግ፣ አለዚያም ካርታውን ጥሎ እስከዚያ ያስገባውን መተው ይኖርበታል። በመሐል የሚከማቸው ገንዘብ ፖት ይባላል፣ የሚወስደውም ወይ ሌሎቹን ሁሉ ካርታ ያስጣለው፣ ወይም በመጨረሻ ካርታ ሲገለጥ በልጦ የተገኘው ነው። ሕጉ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ ባለቀ ነበር፤ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀው ሰው ገንዘቡን እንዴት ያስገባል፣ መቼ ይናገራል፣ የተናገረውስ ቃል ያስረዋል ወይ የሚለው ነው።

ፖከር አሜሪካዊ መልኩን የያዘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ በሚመላለሱት የእንፋሎት ጀልባዎች ላይ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆሴፍ ኮውል በ1829 በጀልባ ላይ ያየውን ጨዋታ በኋላ በማስታወሻው ውስጥ አስፍሮታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የሚጫወቱት በ20 ካርታ ነበር፤ ከኤስ እስከ አስር ያሉት ብቻ ተለይተው ለአራት ሰው አምስት አምስት ይታደላሉ፣ የሚተርፍ ካርታም የለም፤ 52ቱ ካርታ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ጀልባ ለሥርዓት የሚመች ቦታ አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ አይተዋወቁም፣ በሚቀጥለው ወደብ ይበተናሉ፣ ከመካከላቸው ካርታ ላይ ምልክት እያደረገ የሚኖር አጭበርባሪ ቢኖር ነገ ተመልሶ የሚጠይቀው አይገኝም፤ የቀድሞው ቁማርተኛ ጆናታን ግሪን በ1843 ያሳተመው መጽሐፍም የዚህን ዓይነት ተንኮል ለማጋለጥ የተጻፈ ነበር።

የዚያ ዘመን ትልቁ ጥያቄ የገንዘብ ወሰን ነው። ከኪሱ ያሻውን ያህል እያወጣ ማስያዝ የሚችል ባለጸጋ፣ የተሻለ ካርታ የያዘውን ደሃ ሊከፍለው በማይችለው መጠን አስፈራርቶ ፖቱን ሊወስድበት ይችላል፤ ይህ እንዳይሆን በአንዳንድ ቦታ ገንዘብ ያነሰው ሰው ባለው ልክ ብቻ ገብቶ ካርታው እንዲታይለት ይጠይቅ ነበር፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ተነስቶ ገንዘብ እንዲያፈላልግ ጊዜ ይሰጠው ነበር። ገንዘብ ሲያልቅ ሰዓት፣ ፈረስ፣ የመሬት ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት በነበረው የአገሪቱ ደቡብ በባርነት የተያዙ ሰዎች ሳይቀሩ መወራረጃ የሆኑበት ጊዜ ስለነበር፣ ስለዚያ ዘመን የቁማር ጠረጴዛ በናፍቆት ብቻ መጻፍ አይቻልም። ለዚህ ሁሉ መልስ ሆኖ የመጣው ደንብ ዛሬም የካዚኖ ፖከር የማዕዘን ድንጋይ ነው፤ ተጫዋቹ ሊያስይዝ የሚችለው ካርታ መታደል ሲጀምር ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ገንዘብ ብቻ ነው፣ ዙሩ ሳያልቅ ከኪሱ አይጨምርም፣ ያሸነፈውንም ከጠረጴዛው ሳይነሳ ወደ ኪሱ አይመልስም። የመጀመሪያው ክልከላ ደሃውን ከባለጸጋው፣ ሁለተኛው ደግሞ ተሸናፊውን ያሸነፈውን ደብቆ በጥቂት ገንዘብ መጫወት ከሚፈልግ ብልጥ ይጠብቃል፤ ገንዘቡ የተሸነፈ ሰው ሊያስመልሰው የሚችልበት ዕድል እስከ መጨረሻው ከፊቱ መታየት አለበት የሚለው ሐሳብ ከሂሳብ ይልቅ ከፍትሕ የመነጨ ነው።

ከዚሁ ደንብ የጎን ፖት የሚባለው ይወለዳል። ሦስት ሰዎች ቢጫወቱና አንደኛው ከፊቱ ያለው 300 ዶላር ብቻ ሆኖ ሁሉንም ቢያስገባ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 800 ቢያስይዙ፣ ከየአንዳንዳቸው ሦስት ሦስት መቶ ተወስዶ 900 ዶላር ያለበት ዋና ፖት ይሠራል፣ ትርፉ 1,000 ዶላር ግን ለብቻው ይቀመጥና በሁለቱ መካከል ብቻ ይወሰናል። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ኦል ኢን ገባ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በገንዘብ ብዛት ሊያስወጣው አይችልም፣ ካርታው እስከ መጨረሻው ይቆጠርለታል፣ ቢያሸንፍም የሚወስደው ዋናውን ፖት እንጂ እሱ ያልተካፈለበትን ትርፍ አይደለም። ይህን ለሰለጠነ ካርታ አዳይ ማስላት የደቂቃ ክፋይ ሥራ ነው፤ በወንዙ ጀልባ ላይ ግን ሽጉጥ ሊያስመዝዝ የሚችል ክርክር ነበር።

ሽጉጡ ደግሞ ተረት አይደለም። በነሐሴ 2 ቀን 1876 በዴድውድ፣ በዳኮታ ግዛት፣ ዋይልድ ቢል ሂኮክ የተባለው ዝነኛ ሰው ፖከር እየተጫወተ ሳለ ከበስተኋላው በመጣው ጃክ ማኮል ተገድሏል፤ በእጁ የነበሩት ጥንድ ኤስና ጥንድ ስምንት ናቸው የሚለው ግን በአፈ ታሪክ የቆየ ነገር ነው። በዚያው ዘመን፣ ከዚህ ፈጽሞ በተለየ አካባቢ፣ በለንደን የአሜሪካ ልዑክ የነበሩት ሮበርት ሼንክ በአንድ የገጠር መኳንንት ቤት ለነበሩ እንግዶች ድሮው (በእንግሊዝኛ draw) የተባለውን የፖከር ዓይነት ሕግ በጽሑፍ አዘጋጅተው መስጠታቸው ይታወሳል። ጨዋታው ከሳሎን ወደ ሳሎን፣ ከመጠጥ ቤት ወደ መኳንንት ቤት እየተሻገረ በሄደ ቁጥር፣ ሕጉ በሰው ክብር ወይም በሰው ጡንቻ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ መቀመጥ እንዳለበት ግልጽ እየሆነ መጣ።

የካርታ ቤት ሥርዓት ከሁሉ በላይ የበሰለው ግን ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ባለችው ጋርዲና በተባለች ትንሽ ከተማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ የተከለከሉ ቁማሮችን በስም ሲዘረዝር ስተድ ሆርስ የተባለውን የፖከር ዓይነት ቢያስገባም፣ ድሮው የተባለውን፣ ማለትም ተጫዋቹ አምስት ካርታ በስውር ይዞ ያልፈለገውን ጥሎ ሌላ የሚቀይርበትን ዓይነት አልጠቀሰም ነበር፤ በ1911 የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ ዩሊሲስ ዌብ የሰጡት አስተያየትም ድሮው በክልከላው ውስጥ እንደማይወድቅ አስረዳ፣ ፈቃዱም ለየከተማው ተተወ። በዚህ ቀዳዳ በኩል ኧርኒ ፕሪም የተባለው ሰው በ1936 በጋርዲና የካርታ ክበብ ከፈተ፣ ከዓመታት በኋላም ከተማዋ ኢምባሲ፣ ሞንተሬይ፣ ሬይንቦው፣ ኖርማንዲ፣ ሆርስሹና ኤልዶራዶ በተባሉ ስድስት ክበቦች ታወቀች።

እነዚህ ክበቦች ዛሬ ካዚኖ ሲባል በሰው አእምሮ ከሚመጣው የብርሃንና የጩኸት አዳራሽ ጋር አይመሳሰሉም። የሳንቲም ማሽን የለም፣ ሩሌት የለም፣ ያለው ካርታ ብቻ ነው፤ ቤቱም ከፖቱ ድርሻ አያነሳም፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከእያንዳንዱ ተጫዋች የመቀመጫ ክፍያ ይሰበስባል። ቤቱ የቀጠረው ካርታ አዳይ አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በየተራ ይበውዛሉ፣ በስተቀኝ የተቀመጠው ይቆርጣል፣ ከዚያም ይታደላል፤ ክርክር ሲነሳ ፍሎርማን የተባለው የክፍሉ ተቆጣጣሪ ይጠራል፣ ሁለቱን ወገን ቆሞ ያዳምጣል፣ ውሳኔውን ይናገራል፣ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ከሚመላለሱት ብዙዎቹ ጡረተኞችና የቤት እመቤቶች ነበሩ፤ ዛሬ የተከራከሩት ሰው ነገ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ይጠብቃል። እነዚህን ክፍሎች ከውስጥ አጥንቶ በ1982 «የፖከር ፊቶች» የተባለ መጽሐፍ ያሳተመው አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ሃያኖ ራሱም ከጠረጴዛው ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ነበር፤ ምሁራን የቁማር ቤትን ከወንጀል መዝገብ ውጭ ለማየት እምብዛም በማይደፍሩበት ጊዜ የተሠራ በመሆኑ ሥራው ክብር ይገባዋል።

የጋርዲናን ይሉኝታ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ቼክ ሬይዝ የተባለው አካሄድ የነበረው ደረጃ ነው። ቼክ ሬይዝ ማለት ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው ደካማ መስሎ ሳያስይዝ አሳልፎ፣ ከኋላው ያለው ተሞኝቶ ሲያስይዝ ተመልሶ ውርርዱን ከፍ ማድረጉ ነው። በኔቫዳ ይህ የተፈቀደ ብልሃት ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የሎውቦል ጠረጴዛዎችና በብዙ የግል ጨዋታዎች ግን ክልክል ነበር። ሎውቦል በተለመደው አቆጣጠር የመጨረሻ ዝቅተኛ የሆነው ካርታ የሚያሸንፍበት የፖከር ዓይነት ነው፤ በካሊፎርኒያው አጨዋወት ኤስ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት የያዘን ማንም አይበልጠውም፣ ከፍተኛ ካርታው ሰባት የሆነም በጣም ጥሩ እንደያዘ ይቆጠራል። በዚህ ጨዋታ ካርታ ከተቀየረ በኋላ ሰባት ወይም ከዚያ የተሻለ የያዘ ሰው የማስያዝ ግዴታ ነበረበት፤ አሳልፎ ቢያደባና ሌላው ቢያስይዝ፣ ሲገለጥ ካርታው ቢበልጥ እንኳ ከዚያ ወዲያ የተጨመረውን ገንዘብ መውሰድ አይችልም ነበር። ደንቡ የሚቀጣው ውሸትን ሳይሆን ማድባትን ነው፤ ምንም ሳይኖረው በድፍረት የሚያስይዝ ሰው አልተነካም፣ የተነካው ሙሉ ካርታ ይዞ ድሃ መስሎ የሚጠብቀው ነው።

የዛሬ ተጫዋቾች ይህን ሲሰሙ የዋህነት ይመስላቸዋል፤ ቼክ ሬይዝ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚሰጥ ተራ ትምህርት ሆኗል፣ ያለ እሱም መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ምንጊዜም ተጎጂ እንደሚሆን በስሌት ይታወቃል። ስሌቱ ትክክል ነው። የጋርዲናው አስተሳሰብ ግን ከሌላ ነገር ተነስቶ ነበር፤ ክፍሉ የሚኖረው በየቀኑ በሚመለሱ በእነዚያው ሰዎች ነው፣ በስድስተኛው ወንበር ያለችው አሮጊት በወጥመድ ተይዛ ተቆጥታ ከሄደች ነገ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ገንዘብ የሚወሳሰድበት ቤት ገንዘቡ እንዴት እንደሚወሰድ መጠንቀቅ ነበረበት። ብዙ የቁማር ሕጎች ስለ ትርፍ ያስባሉ፤ ይህኛው ሰው ቅር ብሎት እንዳይሄድ ያሰበ ነበር፣ ለዚህም ሲባል ከጠፉት ደንቦች ሁሉ በተለየ ሊቆጩለት የሚገባ ነው።

በኔቫዳ የነበረው መንገድ ሌላ ነው። ገዢው ፍሬድ ባልዛር በመጋቢት 19 ቀን 1931 ቁማርን ሕጋዊ ያደረገውን አዋጅ ከፈረሙ በኋላ ላስ ቬጋስ አደገች፤ ወደዚያ የሚመጣው ግን መንገደኛ ነው፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል፣ ጠረጴዛውም እንደ ጥንቱ ጀልባ በማይተዋወቁ ሰዎች የተሞላ ነው። በ1963 ኮርኪ ማኮርኮዴል የተባለው ተጫዋች ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን ዓይነት በላስ ቬጋሱ ካሊፎርኒያ ክለብ ካዚኖ እንዳስተዋወቀ ይነገራል፤ በዚህ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በስውር ይሰጣል፣ አምስት ካርታ ደግሞ በመሐል ለሁሉም በጋራ ይገለጣል፣ በመካከሉም አራት የውርርድ ዙሮች አሉ። አራት ጊዜ መወራረድ ማለት ለስህተትና ለተንኮል አራት ጊዜ በር መክፈት ስለሆነ፣ ቤቱ የቀጠረው ካርታ አዳይ አስፈላጊ ሆነ፤ እሱ አይጫወትም፣ የማን ተራ እንደሆነ ይከታተላል፣ የገባውን ገንዘብ ይቆጥራል፣ የተባለውንም ቃል ይመሰክራል። በተጫዋቾቹ ፊት እየዞረ የሚሄደው ክብ ምልክት በስም ካርታ የሚያድለው ማን እንደሆነ ያሳያል፤ በእሱም መሠረት ከግራው ያሉት ሁለቱ ሰዎች ካርታ ሳያዩ ገንዘብ ያስገባሉ፣ ስለዚህ ማንም ያለ ወጪ ተቀምጦ ጥሩ ካርታ ብቻ ሊጠብቅ አይችልም።

በፖከር ክፍሎች ከተሠሩት ደንቦች መካከል በቅርብ መታየት የሚገባው ስትሪንግ ቤት የተባለውን፣ ገንዘብን በቁርጥራጭ ማስገባትን የሚከለክለው ነው። መቶ ዶላር የተያዘበት ሰው መቶ ዶላር የሚያወጣ ቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ምትክ የሚያገለግል ክብ ጠፍጣፋ፣ ከፊቱ አንስቶ ወደ መሐል ያደርሳል፤ እጁን ሳያርቅ ቀና ብሎ የባለጋራውን ፊት ያያል፤ ባለጋራው ትከሻው ሲላላ፣ እፎይ ሲል ካየ ሰውየው ደካማ መሆኑን ይረዳና እጁን ወደ ቁልሉ መልሶ ሌላ ሁለት መቶ ይጨምራል፤ ባለጋራው እፎይ ካላለ ግን እዚያው ላይ ያቆማል። በአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ምርጫ ያዘ ማለት ነው። ደንቡ ይህን ይዘጋል፤ ቺፑ በአንድ የእጅ ጉዞ ካልገባ ወይም መጠኑ አስቀድሞ በቃል ካልተነገረ፣ መጀመሪያ የደረሰው ብቻ ይቆጠራል፣ የቀረው ይመለሳል። በፊልሞች ላይ ተዋናዩ «መቶህን እቀበላለሁ... ሌላ አምስት መቶም እጨምራለሁ» ሲል ይታያል፤ በእውነተኛ ካዚኖ ውስጥ ይህን የተናገረ ሰው መቶውን በመቀበሉ ቃል ታስሯል፣ ጭማሪው አይታሰብለትም።

ቃል ማሰሩ ራሱን የቻለ ትልቅ ነገር ነው። ተራው የደረሰ ሰው «ከፍ አደርጋለሁ» ካለ፣ ቺፕ ባይነካም፣ ማድረግ ግዴታው ነው፤ «እጥላለሁ» ካለም ሐሳቡን ቢቀይር አይሰማም። ንግግር ከሌለ ደግሞ ቺፑ በራሱ ይተረጎማል፤ መቶ ዶላር በተያዘበት ላይ አንድ ባለ 500 ቺፕ ያለ ቃል የወረወረ ሰው ኮል እንዳደረገ ብቻ ይቆጠርና 400ው ይመለስለታል፣ ምክንያቱም ሰውየው ዝርዝር አጥቶ ይሁን ከፍ ሊያደርግ ፈልጎ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቺፕን ፖቱ ላይ በትኖ መወርወርም የተጠላ ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ በትክክል ስንት እንደገባ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ሥርዓት የሚያውቅ ተጫዋች ገንዘቡን ከፊቱ ደርድሮ ያስቀምጣል፣ ወደ መሐል የሚሰበስበው አዳዩ ነው። ትልልቆቹ ቺፖች ከትንንሾቹ ኋላ መደበቅ የለባቸውም፤ ባለጋራ ምን ያህል ገንዘብ እየገጠመው እንደሆነ በዓይኑ ማየት መብቱ ነው። ከተራ በፊት መናገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ገና ሊወስን ያለው ሰው ከኋላው ያለው እንደሚጥል አስቀድሞ ካወቀ ድፍረት ያገኛል፣ በዚህም ሦስተኛው፣ ምንም ያላጠፋው ተጫዋች ይጎዳል።

በ1970 ቤኒ ቢኒየን በላስ ቬጋስ ፍሪሞንት ጎዳና ባለው ሆርስሹ ካዚኖው ታላላቆቹን ተጫዋቾች ሰብስቦ የፖከር የዓለም ውድድር የሚባለውን ሲጀምር፣ ጆኒ ሞስ አሸናፊ የሆነው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር፤ በዓመቱ ግን አንድ ሰው እስኪቀር የሚጋጠሙበት ሥርዓት ተተካ፣ የዋናው ውድድር መግቢያም ብዙ ሳይቆይ 10,000 ዶላር ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ከየከተማው የመጡ ሰዎች ሲገናኙ ደግሞ የየቤቱ ደንብ መለያየቱ ችግር አስከተለ፤ በአንዱ ክፍል ሬይዝ የሚቆጠረው በሌላው ኮል ይሆናል። ሊንዳ ጆንሰንና ማት ሳቬጅን ጨምሮ በሙያው የታወቁ ሰዎች በ2001 የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበርን መሥርተው ደንቡን አንድ ወጥ ለማድረግ የተነሱት ለዚህ ነው። ካስተካከሏቸው ነገሮች አንዱን ለምሳሌ መጥቀስ ይበቃል፤ አንዱ 100 ቢያስይዝና ሁለተኛው ያለውን 140 በሙሉ ቢያስገባ፣ ሦስተኛው 140ውን ቢቀበል፣ ተራው ወደ መጀመሪያው ሲመለስ 40 መጨመር ወይም መጣል ብቻ ይፈቀድለታል፣ እንደገና ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ጭማሪው ሙሉ ሬይዝ ለመሆን 200 መድረስ ነበረበትና።

በወረቀት ያልሰፈሩት ነገሮች ግን ከሰፈሩት ይልቅ ሰውን ይለያሉ። ማሸነፉን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ካርታውን ለመግለጥ ሆን ብሎ ሲዘገይ፣ ባለጋራውም አሸነፍሁ ብሎ እጁን ወደ ፖቱ ሲዘረጋ ጠብቆ ሲያወጣው፣ ስሎው ሮል ይባላል፤ የትኛውም ተቆጣጣሪ ገንዘቡን አይነሳውም፣ በጠረጴዛው ያሉት ግን ሁሉ ፊታቸውን ያጠቁሩበታል። ትክክልም ነው፤ ገንዘቡን መውሰድ መብቱ ነበር፣ የሰውየውን ተስፋ ለመጫወቻ ማድረግ ግን የጨዋታው አካል ሆኖ አያውቅም። በመጥፎ ካርታ ገብቶ በዕድል ያሸነፈን ጀማሪ መዝለፍም እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ የድሮዎቹ ባለሙያዎች ከጨዋነት ጋር ጥቅማቸውንም አብረው ያሰቡ ነበሩ፤ የተዘለፈ ሰው ይነሳል፣ ሲነሳም ገንዘቡን ይዞ ነው።

ከነዚህ ሥርዓቶች አንዱ በቀጥታ የሚመለከታቸው ኢትዮጵያውያንም አሉ። በአሜሪካ የፖከር ክፍሎች ካርታ ታድሎ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ በጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር አይፈቀድም፤ እያንዳንዱ ሰው ካርታውን ብቻውን፣ ያለ ምክር መጫወት ስላለበት፣ ሁለት ሰዎች ሌሎቹ በማይሰሙት ቋንቋ ቢነጋገሩ ሰላምታ እንኳ ቢሆን ጥርጣሬ ያስከትላል። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባት፣ በታክሲ ሥራ፣ በካዚኖ አገልግሎትና በካርታ አዳይነትም ጭምር የሚተዳደሩባት ከተማ ናት፤ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው «ደህና አመሸህ» ለመባባል ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቃቸው ለሀበሻ ባህል የሚከብድ ቢሆንም፣ ደንቡ በማንም ላይ ያነጣጠረ አይደለም። ለአዳዩ የሚሰጠው ጉርሻም በአሜሪካ የመተዳደሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ፣ ደህና ፖት ያሸነፈ ሰው አንድ ሁለት ቺፕ ወደ እሱ መግፋቱ የተለመደ ነው፤ በብሪታንያ ግን የ1968ቱ የቁማር ሕግ ይህንኑ ከልክሎ ነበር፣ ነገሩ የተለወጠው በ2005ቱ ሕግ ነው።

የድሮዎቹ ክፍሎች መዳከም የጀመሩት ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በጋርዲና አቅራቢያ ኮመርስና ባይስክል የተባሉ ግዙፍ የካርታ ካዚኖዎች ተከፈቱ፣ በ1987 ሆልደም በካሊፎርኒያ ሲፈቀድ ድሮውና ሎውቦል ተጫዋች እያጡ መጡ፣ የጋርዲናዎቹ ክበቦችም አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ቢኒየን የከፈተው ሆርስሹም በ2004 ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በ1998 በኢንተርኔት በእውነተኛ ገንዘብ መጫወት ተጀመረ፣ በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በተደረገ ርካሽ ማጣሪያ አልፎ 839 ሰዎች በተወዳደሩበት የዓለም ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ፤ በዓመቱ ተወዳዳሪው 2,576 ደረሰ። ኮምፒውተር ላይ ከተራ በፊት መናገር አይቻልም፣ ቺፕ መበተን የለም፣ ገንዘብ በቁርጥራጭ አይገባም፤ ማሽኑ ሁሉንም ስለሚያስተካክል፣ በዚያ ያደገው ትውልድ ከቀደምቶቹ የተሻለ ስሌት ይዞ፣ እጁን ግን የት እንደሚያሳርፍ ሳያውቅ ወደ ካዚኖ መጣ። በእነዚያ ዓመታት ለካርታ አዳዮቹ የተጨመረባቸው ሥራ ይህ ነበር፤ አንድ ወጣት ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ቁልሉ ሲመልስ ሁለተኛውን ገንዘብ እየመለሱ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን መጀመሪያ በቃል እንዲናገር፣ ከዚያ በኋላ ቺፑን በፈለገው ፍጥነትና በፈለገው ያህል እንቅስቃሴ ማስገባት እንደሚችል፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ያስረዱት ነበር።